ምስጋና ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ

ሰሞኑን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ቆሜ አነበብኩ። «ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ የዲፌንስ ፓወር ፖይንት በጥራትና በፍጥነት እንሠራለን» ይላል። እናንተም ሰፈር አለ፤ አታስመስሉ። እኔን ያቆመኝ ከሥር በእስክሪብቶ የተጨመረው ነው፦ «የልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች ትምህርትም አለን።»

አለን! እንደ ትኩስ ሳምቡሳ።

የተባረከ ልማድ ነው እኮ። መምህሩ ክረምት ከክረምት እየተመላለሰ ማስተርሱን ይማራል። የሚማረው፣ ከራሱ ያሰበውን ልጅ ከሰው ከቀዳው መለየት ነው። መማሩን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሌላ ሰው በጻፈለት ወረቀት። ከዚህ የበለጠ የተግባር ልምምድ ከየት ይመጣል?

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ልጁ ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው፤ ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጧል። ስለ ተሰጥኦ ተመራማሪው ስለ ሬንዙሊ ጠየቅኩት። ቀና እንኳን ሳይል፣ «ሦስቱ ቀለበቶች፣ 1978። ከአማካይ በላይ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ ለያዙት ሥራ መትጋት። ሦስቱ ሲገናኙ ነው ተሰጥኦ የሚባለው። በሁለቱም በኩል ነው?» አለኝ። የመጨረሻዋ መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ ለቆመችው ሴትዮ ነበረች።

ትጋት ብትሉ፣ መብራት ሲጠፋ በስልኩ እየጻፈ 80 ገጽ በአራት ቀን ያደርሳል። ፈጠራ ብትሉ፣ አንዱ ቴሲስ ላይ ለ96 መምህራን መጠይቅ ተበትኗል። 96ቱንም የፈጠራቸው እሱ ነው። ጾታ፣ ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ አድሏቸዋል። አራቱ ግን ሳይመልሱ ቀርተዋል። ለምን ስለው፣ «ሁሉም ከመለሱ ይነቃብናል» አለ። እያወራን ስልኩ ጮኸ። ደንበኛው ከዲፌንስ አዳራሽ ደጃፍ ነው፦ «ወንድሜ፣ ቶሎ በለኝ፣ ግኝታችን ምን ነበር?»

ምዕራፍ ሁለት ላይ ተርማንን ሳያስገባ አያልፍም። ሉዊስ ተርማን በ1921 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ብሩህ ልጆችን በፈተና ሲመርጥ፣ ሾክሌይና አልቫሬዝ የሚባሉ ሁለት ልጆችን ውጤታችሁ አይበቃም ብሎ ጣላቸው። አንዱ በ1956፣ ሌላው በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ወሰዱ። ይህን ታሪክ ስንት መምህር በየስሙ አስጠርዞ አስረክቧል። ከባንኮኒው ማዶ ያለውን ልጅ ግን ቀና ብሎ ያየ የለም። ሒሳብ ከፍለው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። አንድ የሒሳብ ጥያቄ አስተማሪዋ ባላሳያት መንገድ ሠርታ ትክክለኛውን መልስ አገኘች። ኤክስ ተደረገባት። ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ ክፍሉ እያየ ተንበርከኪ ተባለች። አስተማሪው በምረቃ ገዋን የተነሣው ፎቶ ሳሎኑ ተሰቅሏል። ሰው አይናደድም? መማር ካልፈለግህ አትማር! ልጅቷን ግን ተዋት!

ይቅርታ፣ ወደ ሙገሳዬ ልመለስ። ጥራዝ የሚጠብቁትን ቴሲሶች አገላበጥኩ፤ የምስጋና ገጻቸውን ብቻ። ፈጣሪ አለ። አማካሪው አለ። «በእንቅልፍ አልባ ሌሊቶቼ ከጎኔ ያልተለየችው ባለቤቴ» አለች። ልጁ የለም።

«ምስጋናውንም አንተ ነህ የምትጽፈው?» አልኩት።

«እሱ በነጻ ነው» አለኝ። «የሚስታቸውን ስም ብቻ ይልኩልኛል።»