የዌልስ የእሁድ ትምህርት ቤትና የእኛ የቅዳሜ አማርኛ

ውጭ አገር ያለ ሐበሻ ልጁን ቅዳሜ አማርኛ ክፍል ያደርስና መኪናው ውስጥ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል። ልጁ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ወሬው በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ከእንግሊዝ ጎን ያለችው የዌልስ ሰዎች፣ እንግሊዝኛ ደጃፋቸው የቆመባቸው፣ ነገሩን የያዙት በሌላ መልኩ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሞከሩት አልጸናም። ግሪፊዝ ጆንስ የሚባል ቄስ ከ1730ዎቹ ጀምሮ ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ መምህሩ በብርዱ ወራት፣ የእርሻ ሥራ ሲላላ፣ አንድ መንደር ሦስት ወር ያህል ተቀምጦ በዌልሽ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ማንበብ አስተምሮ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በዚህ መንገድ ከ3 ሺህ በላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እሱ በ1761 ሲሞት ብሪጀት ቤቫን የምትባል ባለጸጋ ተረከበችው። እሷም በ1779 ስትሞት ለትምህርት ቤቶቹ የተናዘዘችውን ገንዘብ ዘመዶቿ ተከራከሩበት፤ ጉዳዩ ሠላሳ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት ተጉላላና ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ማኅበር ምን እንደሚሆን የእኛም ኮሚቴዎች አይጠፋቸውም።

ባላ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር የነበረው ቶማስ ቻርልስም በ1785 ሲጀምር ደመወዝተኛ መምህራንን ይዞ ነበር። ገንዘቡ ግን አላዘለቀም፤ ቀስ በቀስ ሥራው ያለ ደመወዝ ወደሚያስተምሩ ሰዎችና ወደ እሁድ ዞረ። ማንበብ የቻለ ሰው ያልቻለውን ያስቀጥላል፤ ወጪው መጽሐፍ ብቻ ነው። ዋናው ልዩነት ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ክፍሉ የልጆች ብቻ አልነበረም። አባት፣ እናት፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ አያት በየችሎታቸው ተመድበው ይቀመጣሉ። ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የዌልሽ አጻጻፍ እንደ ፊደላችን ለአነባበቡ የቀረበ ስለሆነ ትልቅ ሰውም ቶሎ ይያዝለታል። የበረቱት አንድ ምዕራፍ ሲያጠኑ ሰንብተው በጉባኤ ፊት ይጠየቁበታል፤ በአንዳንድ ቦታ ክፍሉ በሙሉ ምዕራፉን በዜማ በአንድ ድምፅ ይለዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈበት ሰው ይህን ሲሰማ ዳዊት ሲደገም ትዝ ሳይለው አይቀርም። ልዩነቱ፣ የእኛው ተማሪ በግዕዝ የሚያነበው ቤት ውስጥ የማይነገር ቋንቋ ነው፤ የዌልሱ ግን ያነበበውን እራት ላይ ሊያወራበት ይችላል።

ችግሩ መጽሐፉ ነበር። በ1799 የታተመው 10 ሺህ የዌልሽ መጽሐፍ ቅዱስ ቅጂ አልበቃም። በ1800 ሜሪ ጆንስ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ሳንቲም ይዛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሯ ወደ ባላ ሄደች። ቻርልስ የዌልሱን እጥረት በ1802 ለንደን ላይ ሲያነሣ፣ «ለዌልስ ከሆነ ለዓለም ሁሉስ ለምን አይሆንም?» የሚል ሐሳብ መጣ፤ በ1804 የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተመሠረተ። ያም ሆኖ የዌልሹ ኅትመት በፊደል አጻጻፍ ክርክር ተጓተተ፤ ቻርልስ ባዘጋጀው ላይ «አጻጻፉን ለወጠ» የሚል ክስ ተነሣበት። (በ«ሀ» እና በ«ሐ» የምንነታረክ እኛ ብቻ አይደለንም።) አዲስ ኪዳኑ በ1806 ወጣ። ጋሪው ባላ ሲቃረብ ሕዝቡ ወጥቶ ተቀበለው፣ እየጎተተ ከተማ አስገባው፣ ቅጂዎቹም ወዲያው አለቁ ተብሎ ተጽፏል።

ይኸው ማኅበር ነው በ1820 የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ጽሑፍ የገዛው። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር አሥር ዓመት የተረጎመው ነው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ለባላ ገበሬ የተጠየቀው መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ በአማርኛም መጣ ማለት ነው።

የዌልሶቹ የእሁድ ትምህርት ቤት ጉድለትም ነበረው። በብዙዎቹ ክፍሎች እሁድ ቀን መጻፍ እንደ ሥራ ስለሚቆጠር የሚማሩት ማንበብን ብቻ ነበር፤ ብዙ ምዕራፍ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ስሙን መፈረም ያቅተዋል። እኛም ዘንድ ጽሕፈት የጸሐፊዎች ሙያ እንጂ የእያንዳንዱ ዳዊት ደጋሚ አልነበረም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፦ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ከ1536 ጀምሮ እንግሊዝኛ ነበር። እሁድ ጉባኤ ፊት ኢሳይያስን የሚተነትነው ሰው፣ ሰኞ ከዳኛ ፊት ሲቆም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። የእኛ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ «ሀ ሁ»ን ጨርሶ፣ እሁድ አያቱ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ «ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል።