መሸኛዋ ላይ ያልተጻፈው ሙያ

ሐዋሳ ውስጥ እኔ በምኖርበት ሰፈር አንዲት እንጀራ ጋጋሪ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፈውም። ሰፈሩም ቢሆን በስማቸው አይደለም የሚጠራቸው፣ ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ "ሃምሳ አለቃ፣ እማዬ አሥር እንጀራ ብላለች" እያሉ ነው በሩን የሚያንኳኩት።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ምጣዳቸው ይሞቃል። ከነጋ በኋላ እዚያ በር ላይ ብትደርሱ ዋናው ሥራ አልቋል። እንጀራው ተቆጥሮ፣ ታስሮ፣ በባጃጅ ወጥቷል።

ባለፈው ዓመት ሥራቸውን ለማስፋት ብድር ፈልገው ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። ወረቀት የሚሞላ ሰው ይሻላል ብለው እኔን አስከተሉኝ። ቅጹ ላይ "ሙያ" የሚል ቦታ አለ። የቢሮው ልጅ ጠየቃቸው። "ወታደር ነበርኩ፣ 17 ዓመት አገልግያለሁ" አሉት። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፣ በትሕትና ነው ያናገራቸው። ግን ትንሽ አሰበና "እሱማ አሁን የለም አይደል እማማ?" ብሎ ቦታው ላይ "የለም" ብሎ ጻፈ።

ሙያ፦ የለም።

እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች ቃል ምክንያት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለች።

እኚህ ሴት በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የተመዘገቡ ናቸው። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም። አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት ስንቅና ትጥቅ ክፍል ነው። በ2004 ደግሞ ከሰላም አስከባሪው ጋር በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ወዳለችው አብዬ ሄደዋል። እዚያ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ለረጅም ዓመታት ከሞላ ጎደል በሙሉ የኛ ሠራዊት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ መኪና መግባት ሲያቅተው፣ ያለው ዱቄትና ያለው ምስር ለስንት ቀን እንደሚበቃ በጭንቅላታቸው አስልተው ሦስት መቶ ሰው ሳይራብ ያሳደሩ ሴት ናቸው። ይህን ሲያወሩ እንደ ጀብዱ አይደለም የሚያወሩት። ትናንት ገበያ ሄጄ መጣሁ እንደማለት ነው።

መጋዘን ያውቃሉ። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ አይገባም፣ ሞዴል 22 ሳይፈረም አይወጣም፣ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ከመደርደሪያው ጋር ካልገጠመ ማታ አይተኛም። ዛሬም የእንጀራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በእጅ የተሰመረ ካርድ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። ጤፍ ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በቀን ስንት እንጀራ ተሸጠ፣ ማን ስንት ዱቤ አለበት፣ ሁሉም አለ። በየሰፈሩ ስንቱ ጥሩ ንግድ በሒሳብ ጉድለት ነው የሚወድቀው? እሳቸው ጋ ይህ ችግር የለም። ሙያ ማለት ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?

"ሙያ በልብ ነው" ይባላል። እውነት ነው፣ ለኑሮ ይሆናል። ለብድር፣ ለጨረታና ለቅጥር ግን ሙያ በወረቀት ነው። የሃምሳ አለቃን መሸኛ አይቼዋለሁ። ማዕረጋቸው አለ፣ ያገለገሉበት ዘመን አለ፣ በመልካም ጠባይ መሰናበታቸው አለ። ምን መሥራት እንደሚችሉ ግን አንድ መስመር አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ልመናዬም ሙግቴም አንድ ነው። አንዲት ወታደር ከመሰናበቷ በፊት፣ ገና ካምፕ ውስጥ እያለች፣ የምትችለው ሙያ ይመዘንና የምስክር ወረቀቱን ይዛ ትውጣ።

ይህ አዲስ ሕግ የሚጠይቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ራሱ የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ሙያውን ኮሌጅም ተማሩት፣ ጋራዥም ለመዱት፣ ከአባታችሁም ወረሳችሁት፣ ዋናው መቻላችሁ ነው፤ ለብቃት ምዘና ትቀርባላችሁ፣ ካለፋችሁ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ታገኛላችሁ። በሩ አለ ማለት ነው። ግን ከካምፕ የወጣች ሴት በሩ እንዳለ የሚነግራት የለም። ብትሰማም የቤት ኪራይና የልጅ ወተት እያሳደዳት ፈተና ፍለጋ አትዞርም። ገና ደመወዝ እያላት፣ ጓደኞቿ አጠገቧ እያሉ፣ መኪናውም መጋዘኑም መርፌውም እጇ ላይ እያለ መዛኙ እሷ ወዳለችበት ቢሄድ ምን ይከብዳል? ምግብ ዝግጅት፣ ሾፌርነት፣ መካኒክነት፣ የንብረት አያያዝ፣ ነርስነት፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ ግንባታ። ሠራዊት ውስጥ የሌለ ሙያ እኮ የለም።

"ለምን ሴቶች ብቻ?" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ምዘናው ለወንዱም ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ግን ሴቷ ስትመለስ የሚጠብቃት ነገር ይለያል። ወንዱ ሲመለስ "ጀግናው መጣ" ይባላል፣ ጥበቃም ቢሆን፣ ሹፍርናም ቢሆን "ወታደር ነበር" መባሉ ይጠቅመዋል። እሷን ግን "ወታደር የነበረች ሴት ለትዳር አትሆንም" ይሏታል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያውም ከሴቶች አፍ። ስለዚህ ብዙዎቹ ይደብቁታል። ፎቶውን ሳጥን ሥር ይከቱታል፣ ሥራ ሲጠይቁ እነዚያን ዓመታት "ክፍለ ሀገር ነበርኩ" ብለው ያልፏቸዋል። ዓመታቱን ስትደብቅ በዓመታቱ ውስጥ የተማረችውንም አብራ ትደብቃለች። ከዚህ ላይ የቤቱ ካርታ ካለም በባል ስም መሆኑን ጨምሩበት።

ይህ ነገር የዛሬ አይደለም። በ1983 የደርግ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደየቀዬው ተመለሰ፤ ከነሱ መካከል የነበሩትን ሴቶች ያነሳቸው ሰው ጥቂት ነው። በትጥቅ ትግሉ በኩል ደግሞ ከሕወሓት ተዋጊዎች ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደነበሩ ብዙ ተጽፏል። ከድሉ በኋላ ወደ መንደር ሲመለሱ ግን ስንቶቹ ጓዳ ገብተው ቀሩ። ከኤርትራ ጦርነት በኋላም በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ብዙ ሰው ተቀንሷል። አሁን ደግሞ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ለማቋቋም አቅዷል፤ ትግራይ ውስጥ ሥራው በኅዳር 2017 ተጀምሯል። በየትኛውም ወገን ተሰልፋ የነበረች ሴት ስትመለስ የሚገጥማት ቅጽ ያው ነው። ሙያ የሚለው ቦታ ላይ ምን ይጻፍላት ይሆን? ስንቷ ሾፌር ናት፣ ስንቷ ቁስል ታክማለች፣ ስንቷ አበሰለች ተብሎ ካልተቆጠረ የሚሰጣት ገንዘብ ለጥቂት ወር ኪራይ ሆኖ ያልቃል።

ከላይ የተከፈተ ነገር መኖሩን አልክድም። በ2011 ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ሃምሳ አለቃ ቡና አፍልተው ሰፈሩን ጠርተው ነበር። በ2016 እንደገና ወደዚያው ወንበር ሲመለሱም እንዲሁ ደስ ብሏቸዋል። እኔ የምለው ያ ደስታ እስከ ብድር ቢሮው ቅጽ ድረስ ይውረድ ነው።

ስለ ብድሩ ካነሳሁ አይቀር። የተጠየቁት ወይ የቤት ካርታ፣ ወይ ደመወዝተኛ ዋስ ነበር። የሚኖሩት በኪራይ ነው። የሚያውቋቸው ደመወዝተኞች አብዛኞቹ ራሳቸው ወታደሮች ናቸው፣ ያሉትም ሩቅ ነው። ተመልሰን መጣን። የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ መንገድ እንዳለ ይህች ከተማ ማወቋ ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል ለሴት ነጋዴዎች ብቻ የተዘጋጀ ብድር የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲጀመር፣ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ነበረች። በዚያ ፕሮግራም አንዳንድ አበዳሪዎች ካርታ የሌላትን ሴት በጥያቄና መልስ ፈተና፣ በጠባይዋና በአስተሳሰቧ መዝነው ማበደርን ሞክረዋል። ካርድ ከመደርደሪያ ጋር ካልገጠመ የማይተኙ ሴት በእንዲህ ያለ ፈተና ይወድቃሉ? እኔ አላምንም።

ሃምሳ አለቃ ያለ ብድሩም አላቆሙም። የሠሩት በዕቁብ ነው። የመጀመሪያው ዕቁብ ሁለተኛ ምጣድ ገዛ። የሚቀጥለው ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ ችግሩ መብራት ሆነ። ያ ሁሉ ምጣድ በቤት መስመር አይሠራም፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ያስፈልጋል፣ እሱን ለማስገባት ደግሞ ሌላ ገንዘብና ሌላ ደጅ ጥናት አለ። የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው በሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ነበሩ። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከፈረቃ ደክመው የሚመለሱ፣ ሊጥ ለማቡካት ጊዜ የሌላቸው ልጃገረዶች። በ2014 ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል፣ አጎዋ የሚባለው፣ ሲቋረጥና ሥራ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ሄዱ። እንጀራው ተራረፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ድርቆሽ ሲያሰጡ አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ዓሣ ገበያ አካባቢ ያሉትን ምግብ ቤቶች አንድ በአንድ ዞረው አዲስ ደንበኛ ይዘው መጡ። እንዴት እንደቻሉ ስጠይቃቸው "መንገድ ሲዘጋ በሌላ መንገድ ስንቅ ማድረስ እኮ ነው ሥራዬ" አሉኝ።

እንጀራውን የምታደርሰው ባጃጅ ነጂም የቀድሞ ወታደር ናት። ከሃምሳ አለቃ በዕድሜ ታንሳለች። ሠራዊት ውስጥ ኡራል የሚባለውን ትልቅ የጭነት መኪና ነበር የምትነዳው። ያን ሁሉ ቶን ጭና አቀበትና ጭቃ የወጣች ልጅ ስትወጣ በሲቪል መንጃ ፈቃድ ለመሥራት እንደ ጀማሪ ተማሪ ከፍላ ነው የተማረችው። ሰፈራችን ውስጥ ግን ስልኳ የማይታወቅበት ቤት የለም። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ካለች የምትጠራው እሷ ናት። እስከ ሪፈራል ታደርሳለች፣ የሌለውን ሰው ገንዘብ አትጠይቅም። የእድሩን ድንኳን የምታመላልሰው እሷ ናት። በክረምት ጎርፍ መንገዱን ሲበላው ወጣቶቹን አሰልፋ ድንጋይ ያስሞላችውም እሷ ናት፤ የቀበሌ ሰው እስኪመጣ አልጠበቀችም። "ሰው መታዘዝ የሚወደው ማዘዝ የሚችል ሲያገኝ ነው" ትላለች እየሳቀች። እኛ ይህን ሁሉ እንደ ደግነቷ ብቻ ነው የምንቆጥረው። ደግነት ነው፣ ግን የሠለጠነ ደግነት ነው። ሌሊት ደም የሚፈሳትን ሴት ይዞ ሳይደነግጡ መንዳት የሚለመድ ነገር ነው፣ እሷ የት እንደለመደችው እኛ ጠይቀናት አናውቅም።

ስለ ሐዋሳ አንድ ነገር ልጨምር። ይህች ከተማ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር እዚህ እንዲሰፍሩ ከተደረጉት ሰዎች መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ያኔ ከሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ነበር፣ እነሱ መንጥረው ቤት ሠሩ። ከተማ ተሰጥቷቸው አይደለም፣ መሬት ተሰጥቷቸው ከተማውን ሠሩት። የቀድሞ ወታደር መነሻ ካገኘ ምን እንደሚሠራ ከሐዋሳ ሰው በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል? የዛሬዋ ሴት የምትጠይቀው ያን ያህል እንኳ አይደለም። አንድ ሼድ፣ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር፣ የሚመጥናት ብድር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የምትችለውን የሚመሰክር ወረቀት።

"ሥራ አጥ ወጣት በሞላበት ከተማ ለወታደር ለምን ቅድሚያ?" ለሚለኝ ሰው የሃምሳ አለቃን ግቢ አሳየዋለሁ። አምስት ሰዎች ይሠራሉ። ሦስቱ ከፓርኩ ሥራ ያጡ ልጆች ናቸው። አንዷ ማታ ማታ ትማራለች፣ የፈተና ቀን ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ተነስተው ፈረቃዋን ይሸፍኑላታል። እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ስትነሳ ብቻዋን አትነሳም።

ባለፈው ሳምንት ሃምሳ አለቃን "መሸኛው እንደገና ቢጻፍልዎ ምን ይጨመር?" አልኳቸው። እጃቸው ላይ ያለውን ሊጥ ጠረጉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ለሦስት መቶ ሰው ታበስላለች፣ ሒሳቧ አይጎድልም፣ እሱ ይበቃኛል" አሉኝ።

የባጃጇ ልጅ ደግሞ በአውቶ መካኒክ ለመመዘን ልትመዘገብ ነው። ሲኦሲ ያለ ኮሌጅ እንደሚቻል የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሠራዊቱን ከለቀቀች ከስድስት ዓመት በኋላ። ካለፈች ትንሽ ጋራዥ መክፈት ትፈልጋለች። ቦታ አይታለች፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የመጀመሪያዋን ረዳት እንኳ ከአሁኑ መርጣለች፤ ድሮ አብራት ኡራል ትነዳ የነበረች ጓደኛዋ ናት፣ አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።