የቀድሞው ሥዕል ከሥሩ አለ

በአሜሪካ የቆዩ ሥዕሎችን የመጠገን ሙያ የሚማር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው እጁን መሰብሰብ ነው። አገር ቤት ሥነ ጥበብ ስማር መምህራኖቼ «ድፈር፣ ሸራውን አትፍራው» እያሉ ነበር የሚያበረታቱኝ፤ አሁን በተለማማጅነት በምሠራበት ሙዚየም ግን ኃላፊዬ ሥዕሉን ከመንካቴ በፊት መንካት ለምን እንዳስፈለገኝ በጽሑፍ እንዳስረዳ ትጠይቀኛለች፤ ጽፌ ስሰጣትም አብዛኛውን ጊዜ መልሷ «ባይነካስ ምን ይጎዳል?» የሚል ነው።

አንድ ሥዕል ወደ ጥገና ክፍሉ ሲገባ በቅድሚያ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በተራ ብርሃን፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ቀጥሎም ለዓይን በማይታየው በአልትራቫዮሌት ብርሃን። ከጎን የሚመጣው ብርሃን ሊረግፍ የተነሣውን ቀለምና የረገበውን ሸራ ያጋልጣል፤ በአልትራቫዮሌት ሲታይ ያረጀ ቫርኒሽ፣ ማለትም ሥዕሉን እንዲጠብቅ ላዩ ላይ የሚቀባው ግልጽ ሽፋን፣ አረንጓዴ መስሎ ሲያበራ፣ ከጊዜ በኋላ ሌላ እጅ የጨመረው ቀለም ጠቁሮ ይለያል። ይህ ሁሉ በሪፖርት ከሰፈረ በኋላ ነው በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ በእጅ የሚጠቀለለው ጥጥ የሚመጣው፤ እርሱም በሥዕሉ ዳር፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ተሞክሮ ነው። ላዩን የያዘውን እድፍ ለማንሣት ከሚመረጡት ፈሳሾች አንዱ ምራቅ ነው፤ ቀልዴን አይደለም። በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ቆሻሻውን ቀስ ብለው ስለሚፈቱት፣ በሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሥዕል እናት የልጇን ፊት ምራቋን ነካ አድርጋ እንደምታብሰው ሲታበስ ይውላል። ቀለሙ የጎደለበት ቦታ ሲሞላም ብሩሹ ከጉድለቱ ጠርዝ አልፎ ዋናውን ቀለም መንካት የለበትም፤ መሙያው ራሱ ነገ ሌላ ባለሙያ ዋናውን ሳይጎዳ ሊያነሣው የሚችለው ዓይነት መሆን አለበት።

የሙያው መግቢያ በር ጠባብ ነው። ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ ከሚሰጡት ጥቂት ተቋማት መካከል ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና ከዊንተርቱር ሙዚየም ጋር የሚያስተምረው ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ይገኙበታል፤ በየዓመቱ የሚቀበሉት ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። አመልካቹ የሥነ ጥበብ ታሪክና የሥዕል ችሎታ ይዞ መምጣቱ አይበቃም፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ጨምሮ የኬሚስትሪ ኮርሶችን መውሰድ፣ በዚያ ላይ በባለሙያ ሥር ብዙ መቶ ሰዓታት መሥራት ይጠበቅበታል። እነዚያን ሰዓታት ደግሞ ብዙዎች ያለ ክፍያ ነው የሚሠሯቸው። እኔም ቀን በነፃ ጥጥ እየጠቀለልኩ ማታ ፓርኪንግ ስሠራ ከርሜያለሁ። አብረውኝ ይለማመዱ የነበሩት ልጆች የቤት ኪራያቸውን ወላጆቻቸው ይከፍሉላቸዋል፤ እኔ ለወላጆቼ የምልክ ነኝ። በኮሪደሩ ላይ «ቅርስ የሁላችንም ነው» የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ በየጠዋቱ እንቅልፍ እያዳፋኝ አነበው ነበር።

ባለፈው ዓመት አገር ቤት ስገባ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ የጎጃም ደብር የመቅደሱ ዙሪያ ሥዕል «ታድሶ» ጠበቀኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በቆርቆሮ ቀለም ያብረቀርቃል፤ በሰያፍ ይመለከቱን የነበሩት የመላእክት ትልልቅ ዓይኖች ጠፍተው በምትካቸው ለፎቶግራፍ የተዘጋጁ የሚመስሉ ፊቶች ተሥለዋል። ከሥር የለጋሹ ስም፣ የሚኖርበት ከተማና ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር በጉልህ ተጽፏል። ከተማው ከእኔ ብዙም አይርቅም።

«የቀድሞው የት ሄደ፣ መሪጌታ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የት ይሄዳል ልጄ፤ ከሥሩ አለ» አሉኝ፣ ምንም ሳይጠራጠሩ።

እውነታቸውን ነው፤ ከሥሩ አለ። ችግሩ ሊወጣ አለመቻሉ ነው። ቫርኒሽ በተቀባ የዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ሌላ ሰው ቀለም ቢደርብበት፣ ቫርኒሹ መሐል ስለሚገባ ብዙውን ጊዜ የተደረበውን ብቻ ለይቶ ማንሣት ይቻላል። የእኛ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ግን ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ፣ ቀለማቸውም ከእንስሳት ቆዳ በሚዘጋጅ ሙጫ የተያዘ ነው፤ ቫርኒሽ አያውቃቸውም፣ ውኃ ሲነካቸውም ይሟሟሉ። የፋብሪካ ቀለም በቀጥታ ሲደረብባቸው ይጠጡታል። ይህን ስናገር የራሴም ነገር ያስቀኛል፤ ዓመታት የፈጀሁበት ጥጥና ምራቅ በዚያ ግድግዳ ላይ ቢሞከር ራሱ አጥፊ ነው። እጄ የሠለጠነው በሌላ አገር ሥዕል ላይ ነው፤ በሙጫ የተሣለ የጎንደር ሥዕል እንዴት እንደሚጠገን በቅርብ ማየት ብፈልግ የምሄደው ወደ ፓሪስ ሳይሆን አይቀርም። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዊው የባህል ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳው ልጦ ሲወስድ በቦታቸው አዲስ የተሣሉ ቅጂዎችን ነበር የተከለው፤ ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪሱ የኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ያኔ ዋናውን ወስደው ቅጂውን ትተውልን ሄዱ፤ አሁን ደግሞ ዋናውን በገዛ ገንዘባችን እየሸፈንን ነው።

በመሪጌታ አልፈርድም። ጣሪያው ሲያፈስ፣ የሌሊት ወፍ ሲሰፍርበት፣ የጧፍና የዕጣን ጢስ ሲያጠቁረው የኖረን ሥዕል ምእመኑ ፊቱ እንዲለይ ቢፈልግ ያስኬዳል፤ የሙዚየም ሥዕል ማንም አይስመውም፣ ማንም አይሰግድለትም። እንዲያውም በአንድ ነገር አባቶቻችን ሙዚየሙን ይቀድሙታል። የዘይት ቀለም ሥዕል ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ200 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ እንዳይበልጥ እኛ መሣሪያ ይዘን በየአዳራሹ ስንዞር፣ እነርሱ ሥዕሉን በመጋረጃ ሸፍነው በጸሎት ሰዓት ብቻ ይገልጡት ነበር። ይህን ለኃላፊዬ ስነግራት ማስታወሻ ይዛለች። በዚያ ደብር ግን ከእድሳቱ በኋላ መጋረጃው ተነሥቷል፤ የለጋሹ ስም እንዳይሸፈን።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚካሄድ የጥገና ሥራ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ሠዓሊውም ለጋሹም አልሰሙም። እኔም በዕረፍቴ ለወጣት ሠዓሊዎች በነፃ ሥልጠና ልስጥ ብዬ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር፤ ሂሳብ አልጠየቅኩም፣ አበልም አልጠየቅኩም፤ የጠየቅኩት አንድ ክፍልና ጠረጴዛ ነው። ከምሠራበት ሙዚየም የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ተነገረኝ፤ ደብዳቤው ሲመጣ በኤምባሲ በኩል መላክ ነበረበት ተባልኩ፤ በመጨረሻ የሚመለከተው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ባልነካው ምን ይጎዳል የሚለውን ጥያቄ እዚያ ቢሮ ከሁሉ በተሻለ ሥራ ላይ አውለውታል።

ልመለስ ሻንጣዬን ስዘጋ መሪጌታ ደወሉልኝ። የሰሜኑ ግድግዳ ገና እንዳልተነካ፣ ለእርሱ የሚሆነውን ገንዘብ ግን አሜሪካ ያሉ የደብሩ ልጆች በማኅበር አሰባስበው እንደጨረሱ፣ ለበዓለ ንግሡም መድረስ እንዳለበት ነገሩኝ። ገንዘቡ ለቀለምና ለጣውላ ብቻ ስለሚበቃ፣ ሥዕል መማሬን ያውቃሉና፣ የሚቀጥለው ዓመት ስመጣ እኔው እንድሥልላቸው ጠየቁኝ፤ ክፍያ ግን የለውም።