ለአገር ቤት የምንልከውን ገንዘብ የማይጠይቀው ቅጽ

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻችንን ኮሌጅ ለማስገባት የምንሞላው ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል ቅጽ ብዙ ነገር ይጠይቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ያስገባነውን ገቢ፣ ባንክ ያለንን ተቀማጭ፣ የቤተሰባችንን ብዛት እየዘረዘርን እንሞላለን። በየወሩ ለእናታችን መድኃኒት፣ ለታናሽ ወንድማችን የቤት ኪራይ፣ ለሟች እህታችን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ምን ያህል እንደምንልክ ግን አንድም ቦታ ላይ አይጠይቀንም። ዘንድሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በዚሁ ጉዳይ የሚብሰለሰሉ ብዙ ወላጆች እንዳሉ ስለማውቅ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቅጹ የሚወጣው ቁጥር ልጁ ምን ያህል ድጋፍ እንደሚገባው የሚወሰንበት መነሻ ነው። በስሌቱ ውስጥ ለቤተሰቡ መኖሪያ ተብሎ፣ እንደ ቤተሰቡ ብዛት፣ ከገቢው የሚቀነስ መጠን አለ። ይሁንና ደሴ ወይም ጎንደር የምትኖር እናት፣ የምትበላውም የምትታከመውም እኛ በምንልከው ገንዘብ ብቻ ቢሆንም፣ ከቤተሰቡ ብዛት ውስጥ አትቆጠርም። በታክስ ማስታወቂያችን ላይ ጥገኛችን ናት ብለን እንዳናስመዘግባት እንኳ ሕጉ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ነዋሪነት የሌለውን ወላጅ የሚቀበለው በካናዳ ወይም በሜክሲኮ የሚኖር ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አራት ሰዎችን የሚያስተዳድር የሚመስለው ሠራተኛ በተግባር ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዎችን ተሸክሞ ይኖራል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የኦቨርታይሙ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የሌሊት ፈረቃ የምንጨምረው፣ ቅዳሜና እሑድን መኪና ስንነዳ የምንውለው፣ ከአገር ቤት ድንገተኛ ስልክ ስለሚደወልልን ነው። አንዱ ሆስፒታል ገብቷል፣ የሌላው ቤት ፈርሶበታል፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋም አለ። ያን ጊዜ በእንቅልፋችን ላይ የሠራነው ሰዓት ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በቅጹ ላይ «ገቢ» ሆኖ ተመልሶ ይመጣና የልጃችንን ድጋፍ ይቀንስብናል። ለእናታችን ሕክምና የከፈልነውን ለልጃችን ትምህርት እንዳስቀመጥነው አድርጎ የሚቆጥር ስሌት ፍትሐዊ ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የትምህርት ዘመን የተጀመረው አዲሱ ስሌት ደግሞ ሌላ በር ዘጋብን። ቀድሞ በአንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ኮሌጅ የሚያስተምር ወላጅ ያዋጣል ተብሎ የሚጠበቅበት መጠን ለሁለቱ ይከፋፈልለት ነበር፤ አሁን ግን በፌዴራሉ ስሌት ይህ ቀርቷል። ልጆቻቸውን በተቀራራቢ ዕድሜ የወለዱ፣ ወይም በዲቪና በቤተሰብ ጥሪ ልጆቻቸውን በአንድ ጊዜ ያመጡ ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያውቁታል።

ታዲያ ምን ይቀራል? ፔል ግራንት የተባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች መንግሥት የሚሰጠው የማይመለስ ድጋፍ ቢበዛ በዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ እሱም ገቢያችን «ከፍ ያለ» ከተባለ ይቀነሳል ወይም ጭራሹን ይቀራል። ልጁ በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት ከ5,500፣ በጠቅላላው ከ31,000 ዶላር አይበልጥም። ቀሪውን እንዲሸፍን የሚቀርብልን መንግሥት ለወላጆች የሚሰጠው ወላጅ ፕላስ የተባለው ብድር ነው። ይህ ብድር የወላጁን የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪክ እንጂ ደመወዙ ለመክፈል ይበቃ እንደሆነ አይመረምርም። ነጻ ድጋፍ ስንጠይቅ ገቢያችሁ ይበቃል ተብለን እንመለሳለን፤ ብድር ስንጠይቅ ግን ገቢያችንን የሚጠይቀን የለም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህ ብድር ለአንድ ተማሪ በዓመት በ20,000፣ በጠቅላላው በ65,000 ዶላር እንዲወሰን በሕግ ተደንግጓል። ገደቡ መኖሩን አልቃወምም፤ ግን ጉድለቱን የሚሞላ ድጋፍ አብሮ ስላልመጣ፣ ወላጆች ለግል ባንክ ብድር ዋስ ሆነው እንዳይፈርሙ እሰጋለሁ።

ሕጉ አንድ መውጫ ትቷል። የዩኒቨርሲቲው የፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ) ባለሙያ የቤተሰቡን ልዩ ሁኔታ በማስረጃ አይቶ ስሌቱን ማስተካከል ይችላል። እኔም የሐዋላ ደረሰኞቼንና የእናቴን የሕክምና ወረቀት አስተርጉሜ አቀረብኩ። የተሰጠኝ መልስ ለውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ገንዘብ በፈቃድ የሚደረግ ወጪ ነው የሚል ነበር። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልጋትን እናት በፈቃዴ የምተዋት ወይም የምረዳት ሰው አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብ እኛ ካደግንበት ጋር ምንም አይገናኝም፤ በእኛ ዘንድ ጡረታዋም ኢንሹራንሷም ልጇ ነው። ውሳኔው ለየተቋሙ የተተወ በመሆኑ ከሌላው ዩኒቨርሲቲ ሌላ መልስ ሊገኝ ይችላል፤ የልጅ ዕድል ግን ወረቀቱ በደረሰው ሠራተኛ አስተያየት ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው ሌላ የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ቢያንስ ልዩ ሁኔታን በራስ ቃል የሚያስረዱበት ቦታ አለው። ፋፍሳም በማስረጃ የተደገፈ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ምን ይጎድልበታል?

ለወላጆችም የምለው አለኝ። ስንት እንደምንልክና ስንት እንደሚቀረን ለልጆቻችን አንነግራቸውም፤ ልጁን የተቀበለውን ዩኒቨርሲቲ ስም ሰምተን በደስታ እንፈርምና ሒሳቡ ከመጣ በኋላ እንደነግጣለን። እንደ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ) ባሉ ክፍያቸው አነስተኛ በሆነ የአካባቢ ኮሌጆች ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ብዙ ሺህ ዶላር እንደሚያድን እያወቅን፣ ሰው ምን ይለናል ብለን ልጆቻችንን ዕዳ ውስጥ ባንጨምራቸው ደስ ይለኛል።

እኔ ይግባኜን እንደገና እየጻፍኩ ነው። ለአገር ቤት በሚላክ ገንዘብ ምክንያት ድጋፉ የተስተካከለለት ወላጅ ካለ፣ ምን ዓይነት ማስረጃ እንዳያያዘና ደብዳቤውን እንዴት እንደጻፈው እዚህ ሥር ቢያካፍለን ለብዙዎቻችን ይጠቅማል።