ጀርባውን ለባሕር የሰጠ ጀግና

አገሪቱ ጀግና አጣች የሚሉ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ጅማ አጠገብ ወዳለው ቦዬ ረግረግ ወርደው አያውቁም ማለት ነው። ጅማ ውስጥ ጀግና ሞልቷል። በአቋቋማቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ ፊታቸው ወደ ስልክ፣ ጀርባቸው ወደ ውሃ።

አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። ነጭ ስኒከር አድርጎ ጭቃው ዳር ቆሟል። እጮኛው ስልኳን ደግና «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ» ትለዋለች። እሱም እሺ ብሎ ይጠጋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከማዶ «ጋሼ፣ ሮቢ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ ጉማሬ ማለቱ ነው። ጀግናችን ዞር እንኳ አላለም። «አንዴ ብቻ ማሙሽ፣ አንዴ» አለው። ከኋላው ሁለት ጆሮዎች ከውሃው ብቅ ብለው ተርገበገቡ። ጉማሬው ትንሽ አየት አደረገውና መልሶ ጠለቀ። ከሁለቱ አስተዋዩ እሱ ነበር።

ጉማሬ ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል የሚቆም ሰውም አይወድም። የኛ ሰው ፎቶ የሚነሳው መቼ ነው? ልክ ሲመሽ! ብርሃኑ ያምራላ።

ቦዬ ግን ልምምድ ነው። ዋናው ግጥሚያ ያለው ኬንያ ዳርቻ ነው፣ ሞምባሳና ዋታሙ። አንዱ ለጫጉላ ይሄዳል፣ ሌላው አበሉ ጥሩ የሆነ ሥልጠና አግኝቶ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ባሕርን ሲያገኝ እንደማይፈራ ማሳየት አለበት። ያሳያልም፤ ውሃው ሲሸሽ ባሕሩ ዳር ወዳለ ዋሻ ይገባል።

ሌላው ዓለም ወደ ባሕር ዋሻ ከመውረዱ በፊት ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ያጣራል። ፈሪ! በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጎድሎ እስኪሞላ ስድስት ሰዓት ከምናምን ይፈጅበታል፤ በማግስቱ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ያረፍዳል። ስለዚህ «ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ለጀግና ግን በቂ ነው።

በጣም የማደንቀው ጨረቃን መርሳታችንን ነው። እኛ የጅማ ሰዎች እኮ ለዒድ «ታየች ወይ?» እየተባባልን ስልክ ስንደዋወል የምናመሽ ነን። ያቺው ጨረቃ አዲስ በምትወጣበት ሰሞን፣ ሙሉ በምትሆንበትም ሰሞን፣ ባሕሩ ከወትሮው አብልጦ ይሸሻል፣ ከወትሮውም አብልጦ ይመለሳል። ኬንያ ላይ ልዩነቱ ወደ አራት ሜትር የሚጠጋበት ጊዜ አለ። ከአንድ ፎቅ በላይ ማለት ነው። ጨረቃዋን ከጅማ ሆነን እንቆጥራታለን፤ ሞምባሳ ስንደርስ ለፎቶ ጀርባ ትሆነናለች።

ዋሻውንስ ቢሆን? «ሶፍ ዑመርን አይቻለሁ፣ ይቺ ምን አላት!» ይላል ጀግናው። ልክ ነው። ሶፍ ዑመር ውስጥ ወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ባሕር ዋሻ ውስጥ ግን አንተ በገባህበት በር ባሕሩም ይገባል። ውጭ ጉልበት የማይደርስ ማዕበል ጠባቡ ውስጥ ሲጨመቅ ወደ ላይ ይነሳል። ትልልቆቹ ማዕበሎች ደግሞ አልፎ አልፎ ነው የሚመጡት። ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ባሕሩን ያያል፣ ከዚያም ውሃው ገና እየጎደለ ሳለ ይወርዳል። ጀግናው ለቡና ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ለማዕበል ሩብ ሰዓት የለውም።

ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ውበታቸው አያልቅም። ኮከብ ዓሣው፣ ሸርጣኑ፣ እሾሃሙ የባሕር ጃርት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጀግናችን ስኒከሩ እንዳይበላሽ አውልቆ በባዶ እግሩ ይገባል። የጃርቱ እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ቁርጥ ድንጋይ የሚመስል መርዘኛ ዓሣም አለ፣ የረገጠው ሰው ሕመሙን ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል። ጫማ ግን ዳነ!

ከዚያ መሰብሰብ ይጀመራል። ኮከብ ዓሣውን ከውሃ አውጥቶ፣ መተንፈስ እያቃተው፣ ግንባሩ ላይ ለጥፎ ፎቶ። ያማረ ዛጎል ሲያገኝ ኪስ። ዋታሙ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የባሕር ፓርክ መሆኑ የጅማ ቡፌ ባዶ ነው ለሚል ሰው ምን ይሆናል? ዛጎሉ ሳሎን ገብቶ፣ ወርቅማ ጠርዝ ካላቸው ስኒዎች ጎን መቀመጥ አለበት። ከነዚህ ዛጎሎች መካከል ሾጣጣዎቹ፣ አበባ የመሰሉት፣ ውስጣቸው ባለቤት አለ። ይወጋል። ሰው የገደለ ዓይነት አለው፣ ለመርዙም ማርከሻ መድኃኒት አልተገኘለትም። እማማ ያዘዙት ስጦታ ይኸው ነው።

አስጎብኚ መቅጠርማ ነውር ነው። ሂርማታ ገበያ ላይ ዶሮ ተከራክሮ ያደገ ሰው መንገድ ለማሳየት ገንዘብ አይከፍልም። ዋጋ ጠርቶለት የተባረረው የዚያው አገር ልጅ ከላይ አለቱ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ውሃው የዋሻውን ደፍ መላስ ሲጀምር ይነሳል። ሁለት እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ ይጠራቸዋል።

«ምን እያለ ነው?» ትላለች እጮኛው።

«ዝም በይው፣ ዋጋ ሊቀንስ ነው።»