ለተከራይዋ የምትከፍል ከተማ ትመስገን

አከራይ ሁሉ ጨካኝ ነው ብሎ የሚያማርር ሰው ካለ፣ በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት የፊኒክስ አጎራባች የሆነችውን የግሌንዴልን ደግነት አልሰማም ማለት ነው። ይህች ከተማ በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከ17,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ለስፖርትም ለኮንሰርትም የሚሆን አዳራሽ ከፈተች። ከ220 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 180 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ራሷ ናት። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በረሃ መካከል በረዶ አንጥፋም ካዮቲስ የተባለውን የሆኪ (በበረዶ ላይ የሚካሄድ ገና መሰል ጨዋታ) ቡድን በክብር አስገባች። አዳራሹን የከበቡት ሱቆችና ምግብ ቤቶች በሚያስገቡት ግብር ወጪው በራሱ ጊዜ ይመለሳል ተባለ፤ ከተሾመ ሰው አፍ የወጣን ተስፋ መጠራጠር ደግሞ ነውር ነው።

በ2009 የቡድኑ ባለቤት ኪሳራ ማወጁን ተከትሎ ቡድኑ በሆኪ ሊጉ እጅ ገባ። ተራ አከራይ ቢሆን ኖሮ «ኪራዬስ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የግሌንዴል ምክር ቤት ግን ተከራዩ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ እንዳይሄድበት ስለሰጋ፣ ለሁለት የውድድር ዘመናት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ለሊጉ መደበ። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብን ገንዘብ ለግል ድርጅት በስጦታ መስጠትን ስለሚከለክል፣ ገንዘቡ ስጦታ አልተባለም፤ አዳራሹን የማስተዳደር ክፍያ ተባለ እንጂ። ሕግን እንዲህ አክብሮ ማለፍ ብዙ ጥበብ ይጠይቃል። በ2012 የሽያጭ ታክስ ከፍ ሲል፣ ሆኪ አይቶ የማያውቀው ነዋሪ ሳይቀር ዳቦና ጫማ በገዛ ቁጥር ለዚህ ደግ ሥራ የድርሻውን የማዋጣት ዕድል አገኘ። አገራችን ውስጥ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ የበረዶው ገና ጌቶች ግን እንዳይቆጡ በየዓመቱ ይከፈላቸዋል።

የደግነቱ ጫፍ የታየው በሐምሌ 2013 ነው። ምክር ቤቱ በ4 ለ3 ድምፅ ለአዲሶቹ የቡድኑ ባለቤቶች በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመታት ሊከፍል ተስማማ። ድምሩ 225 ሚሊዮን ነው፤ አዳራሹን ለመሥራት ከወጣው ሁሉ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ቡድኑ በአምስት ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ከከሰረ ውሉን አፍርሶ መሄድ እንዲችል ተፈቀደለት። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማድነቅ ያስፈልጋል፤ ተጫዋቾቹ ጎል ማግባት ቢያቅታቸው እንኳ የሒሳብ ክፍሉ ሊያሸንፍበት የሚችል ውል የፈረሙ የሕዝብ ተመራጮች በየከተማው አይገኙም። ተቃውመው እጃቸውን ያወጡት ሦስቱ ምናልባት በልጅነታቸው መደመር የተማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንዲህ ያለ ቸርነት ምቀኛ አያጣም። በ2015 ምክር ቤቱ የጥቅም ግጭት ሕግን ጠቅሶ ውሉን በ5 ለ2 ሰረዘውና ክፍያውን በዓመት ወደ 6.5 ሚሊዮን አወረደው። በ2021 ደግሞ ጭራሽ ቡድኑ ከ2021–22 የውድድር ዘመን በኋላ እንዲለቅ ነገረው። ካዮቲስም ቴምፒ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ 5,000 ያህል ሰው ብቻ ወደሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተሰደደ። የግሌንዴሉ አዳራሽ ሆኪ ሳይኖረውም በኮንሰርት ሥራውን ቀጠለ፤ ይህ ግን ለዓመታት «ቡድኑ ከሄደ አበቃልን» ሲሉ የኖሩትን ሰዎች ስለሚያሳፍር ባይነሳ ይሻላል።

ቴምፒ የሰጠችው ምላሽ ደግሞ እጅግ አሳዛኝ ነው። ለቡድኑ አዲስ አዳራሽ የመገንባቱ ዕቅድ በግንቦት 2023 ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ፣ ነዋሪዎቹ ድምፃቸውን ነፈጉት። ጉዳዩን ለሕዝብ ማቅረብ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻም። በግሌንዴል በሰባት ሰው ያልቅ የነበረውን ነገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲነካካው እንዲህ ይበላሻል።

ደግነቱ፣ ደግነት በአንድ ከተማ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በ2024 ተጫዋቾቹ ወደ ዩታ ግዛት ሲሻገሩ፣ የዋና ከተማዋ የሶልት ሌክ ሲቲ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የከተማዋ የሽያጭ ታክስ በመቶ ግማሽ ነጥብ እንዲጨምር ወሰነ፤ ገንዘቡ ቡድኑ የሚጫወትበትን አዳራሽና ዙሪያውን ለማደስ ይውላል። ሱቆቹና ምግብ ቤቶቹም ወጪውን ይመልሱታል ተብሏል።