ጥገናም የእጅ ጥበብ ነው
የእጅ ጥልፍና ዳንቴል ለቤት ውሎ ስለሚሰጡት ትንንሽ ደስታ ያቀረባችሁትን ጽሑፍ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ በጥልፍ ቀሚስና በጠረጴዛ ልብስ ላይ ብቻ መወሰኑ፣ በተለይ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ደገኞች፣ ጎደሎ ሆኖ ታይቶኛል። በመንዝ የእጅ ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ የብርድ መከላከያ ነው፤ የበግ ጸጉር ተሸልቶና ታጥቦ በሴቶች እንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም ወንዶች ሸምነው በርኖስ የተባለውን ካባ፣ ወይም ባናና ዝተት የተባሉትን ወፍራም የሱፍ ልብሶች ያደርጉታል። እርግጥ ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ካላት ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ነገር ግን ጥገናን ፋብሪካ አላስቀረውም።

ባና ሲቀደድ እናቴ ከዚያው ከጨርቁ ጫፍ ክር መዝዛ፣ ቀዳዳውን በመጀመሪያ በቁመት፣ ቀጥሎም አንዱን ክር እየዘለለች አንዱን እያነሣች በአግድም ትሞላዋለች። ሱፍ ሲታጠብ ስለሚኮማተርና ስፍራው ስለሚሸበሸብ ክሩን አጥብቃ አትስበውም። ገልብጣ ጀርባውን ሳታይ ሥራው አለቀ አትልም፤ ጎረቤቶቿም፣ እንደማውቃቸው፣ አስቀድመው የሚያገላብጡት ጀርባውን ነው።

ጽሑፉ ጀማሪዎች ከጥልፍ እንዲነሡ ይመክራል። እኔ ግን ከጥገና ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ ንድፍ መሣልም ሆነ ቀለም ማማረጥ አያስፈልግም፣ ቢበላሽም የሚተረተረው ጥቂት ክር ነው። ወስፌ ስለሚጠይቀው ስለ ስንደዶና አክርማ ስፌት ደግሞ በሌላ ጊዜ ብትመለሱበት ደስ ይለኛል።